የተፋቀ አሮጌ አስፋልት፦ ላብራቶሪ ያለፈው ለምን ይሰነጠቃል?

ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና ፍሬን እየያዘ አስፋልቱን ይገፋዋል። እንዲህ ካለ መንገድ የተፋቀ አሮጌ አስፋልት ተመልሶ ሊነጠፍ ይችላል፤ መጣሉ በእውነት ያሳዝናል። ግን መጀመሪያ ሬንጁ ምን ላይ እንደደረሰ ይታወቅ።

አየርና ፀሐይ ለዓመታት ያደረቁት ሬንጅ፣ ሲነጠፍ 60/70 የነበረው (የመርፌ ፈተና ቁጥር ነው፤ መርፌ ሬንጁ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠልቅ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሬንጁ ደርቋል)፣ ከ20 በታች ሊወርድ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ናሙና ተጨምቆ ምን ያህል ጫና እንደሚችል የሚለካው የላብራቶሪው የማርሻል ፈተና ከፍ ያለ ቁጥር ስላሳየ፣ የአሮጌውና የአዲሱ ድብልቅ ጠነከረ ይላሉ። ቁጥሩን ያወጣው ድርቀቱ ነው። የደረቀ ሬንጅ የጎማ ጫና ይችላል እንጂ መለጠጥ አይችልም፤ ስለዚህ ብርድ ሲመታው ይሰነጠቃል። በተለመደው አሠራር ከድብልቁ አሮጌው እስከ 15 በመቶ ከሆነ የአዲሱ ሬንጅ ዓይነት አይቀየርም። ከ15 እስከ 25 በመቶ አንድ ደረጃ የለሰለሰ፣ ለምሳሌ 80/100፣ ይገባል። ከዚያ በላይ አሮጌው ሬንጅ ተለይቶ ወጥቶ ካልተፈተሸ ግምት አይሠራም።

የተፋቀው አስፋልት የሚቀመጥበት ክምርም ዋና ጉዳይ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ሜዳ ላይ የዋለ ክምር 5 በመቶ ርጥበት ከያዘ፣ አንዱ ቶን 50 ሊትር ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው። ነዳጁ ውሃ በማትነን ያልቃል፤ ጓሉ ሳይቀልጥ እንደ ድንጋይ ያልፋል። ወለሉ ተዳፋት፣ ከላይ ጣሪያ ይኑረው። ሸራ በላዩ መጣል እንፋሎቱን ያፍናል። ሎደርም (አካፋ ያለው የመጫኛ ማሽን) አይውጣበት፤ ይጠቀጥቀዋል። አሮጌው እሳት ሊነካው አይገባም፤ ሙቀቱን የሚሰጠው ከወትሮው በላይ የጋለው አዲስ ጠጠር ነው።

አሮጌውን አስፋልት የሚፍቀው ማሽን ድንጋዩን ስለሚሰብር ዱቄት ይበዛል። ከ0.075 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ካልተቆጠረ ሬንጁን እሱ ይጠጣዋል። ለፈተና ውሃ ውስጥ የቆየው የድብልቅ ናሙና ሲሰነጠቅ ፊቱን አስተውሉ፤ ጥቁር ሊሆን ሲገባው ግራጫ ድንጋይ ራቁቱን ከታየ ሬንጁ ለቋል። ጥንካሬው ከደረቁ ናሙና 80 በመቶ ካልደረሰ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነ ኖራ (hydrated lime) ይረዳል።

የመጨረሻው ሮለር ነው። ይህ ድብልቅ ቶሎ ስለሚጠጥር በደሴ ብርድ ሮለሩ አስፋልቱን ከሚያነጥፈው ማሽን (ፓቨር) ኋላ ሳይርቅ መከተል አለበት። የአየር ክፍተቱ ከ8 በመቶ ካለፈ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ የክረምቱ ውሃ በዚያ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ዋልካ (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ጥቁር አፈር) ያርሰዋል።