ከማንጎው ሥር

ክረምቱ ሊገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። እንዲህ ባለ ቀን ሆዴ ይባባል፤ ቤት ውስጥ መቀመጥም አያስችለኝም። ችግኝ ፍለጋ ተነስቼ የወጣሁትም ለዚህ ይመስለኛል። ከማንጎው ሥር ያለው መሬት ዘንድሮም ራቁቱን ዝናብ እንዲመታው አልፈልግም።

ሰርዶ እዚያ አይሆንም። ሰርዶ ፀሐይ ይወዳል፣ ማንጎ ደግሞ በጋም ክረምትም ቅጠል የሞላው፣ ጥላው የከበደ ዛፍ ነው። ችግኝ የሚሸጠው ልጅ ጥላ የሚችሉ ብሎ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው ወይን ጠጅ ቅጠል ላይ ብር የመሰለ ሰንበር ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ነው። የውሃ አንቁር ዘመድ ነው፤ ከግንዱ ቁራጭ ወድቆ ቢቀር ከአንጓው ሥር አውጥቶ ይቀጥላል። የውሃ አንቁር ራሱ የሚደንቅ ፍጥረት ነው። ሰማያዊ አበባውን ሁሉም ያየዋል፤ ከአፈር በታች ግን ጭራሽ የማይከፈቱ ሌሎች አበቦች አሉት፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ዘር ይቋጥራሉ። ገበሬ አርሞ ጨረስኩ ሲል ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው ነው። ክር የመሰለ ዘንግ ያወጣና ጫፉ ላይ ትንንሽ ልጆች ያንጠለጥላል፤ ልጆቹ አፈር ሲነኩ ሥር ይሰዳሉ። ልጁ ከላስቲኩ አውጥቶ ሥሩን አሳየኝ፤ ወፍራም፣ ነጭ፣ ውሃ ያቆረ ሥር። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲቆም እስከ ሰኔ ያለውን ደረቅ ጊዜ አልፎ አልፎ ውሃ እያገኘ የሚያልፈው በዚህ ሥር ነው። ይኼን መረጥኩ።

ቤት ስገባ ግን መትከሉ ቀረና የበሩን ደረጃ ሳይ ቆምኩ።

መጀመሪያ ስለ እማዬ ልንገራችሁ። ጉልበቷ እንቢ ብሏት እህቴ ጋ እስክትሄድ ድረስ ያን ግቢ ሳትጠርግ ያደረችበት ቀን አላስታውስም። ገና ጎህ ሲቀድ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ረጨት ረጨት ታደርግና፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከማንጎው ግንድ ጀምራ ወደ አጥሩ በር ትወርዳለች። አንድ ቅጠል አይቀርም። መጥረጊያው መሬቱ ላይ የተወው መስመር ይታያል፤ እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስንሄድ በዚያ መስመር ላይ የመጀመሪያውን ኮቴ የምናሳርፈው በፍርሃት ነበር። «የሰው ቤት ከደጁ ይታወቃል» ትል ነበር። አባዬ ከሞተ በኋላም፣ ያ ሁሉ ሲሆን፣ ደጃችን ቆሽሾ ያየን ሰው የለም።

ታዲያ ደረጃው። ልጅ ሆኜ የመጨረሻው ድንጋይ ከመሬቱ ጋር እኩል ነበር። አሁን ከሥሩ አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት አለ፤ ድንጋዩ የተቀመጠበት ሲሚንቶ ሳይቀር ወጥቶ ይታያል። የማንጎው ሥሮችም እንዲሁ ከላይ ቀርተዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ እስከ ጉልበት ድረስ ጠብታው ያስፈናጠረው ቀይ ጭቃ አለ። ቅጠል ያልለበሰ መሬት እንዲህ ነው፤ ጠብታው አፈሩን ይፈነቅለዋል፣ ጎርፉ ይወስደዋል። ከከተማችን ውጪ የጉማራና የርብ ወንዞች በየክረምቱ ደፍርሰው ጣና የሚገቡት በዚሁ መንገድ ነው። የእኛም ግቢ የድርሻውን ሰጥቷል።

ጣና ዳር ያለው ባለ ገዳሙ የዘጌ ጫካ ትዝ አለኝ። እዚያ ጫካ ውስጥ ከቡናው ሥር ስትሄዱ እግራችሁ የወደቀ ቅጠል ላይ ሰመጥ ይላል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነው። አቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ተቀብለውበታልና አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም ይባላል፤ ሕዝቡ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ኖሯል። እማዬ ራሷ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጣ በዚያ ቅጠል ላይ ጫማዋን አውልቃ ትሄድ ነበር። የተቀደሰ መሬት ነው ትላለች። እዚያ ቅጠሉን የሚጠርግ የለም፣ እሷም ቆሻሻ ብላ አታውቅም።

ለአፈሩ የሚበጀው ቅጠሉን ሳይጠርጉ መተው ነው፤ ይኼን አምናለሁ። ተክሉ ከያዘ ደግሞ ከማንጎው ሥር ሁለተኛ መጥረጊያ አይገባም፤ የወደቀው ቅጠል በመሐሉ ገብቶ ይበሰብሳል፣ መበስበስም አለበት። ግን ያ የተጠረገ ደጅ እኛን በሰው ፊት ቀና አድርጎ ያሳደገ ነገር ነው። የእማዬን የዕድሜ ልክ ሥራ ጎጂ ነበር ብዬ የምናገርበት አፍ የለኝም። ደግሞ ውሸት ነው፤ ጎድቶናል ብሎ የሚናገረው ደረጃው ብቻ ነው፣ እኛን አልጎዳንም።

ለፋሲካ ስትመጣ ገና በሩን ሳታልፍ መጥረጊያ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። ተቀመጪ ብላት አትቀመጥም። ያኔ ከማንጎው ሥር ቅጠል ረግፎበት፣ አረንጓዴ ወርሶት ስታየው ልጄ ቤቴን ጣለው ትላለች ወይስ እንደ ዘጌው ታየዋለች? አሁኑኑ ደውዬ ልጠይቃት፣ ወይስ ተክዬ ልጠብቃት?