«ላ»ን ለማግኘት ከ«ለ» የምትነሳው ልጅ

ዛሬ ጳጉሜ 3 ነው። ደሴ ጉም ለብሳለች፤ ጦሳ ጭራሽ አይታይም። ጠዋት ለበዓል ቤት ሳጸዳ አልጋ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ የፕራክቲከም፣ የማስተማር ልምምድ፣ ደብተሬን አገኘሁት። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፌ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እማ «ቤቱ እንዲሁ ሊቀር ነው እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ አልተነሳሁም።

መምህርነት የገባሁት ፈልጌ አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ስፈተን ውጤቴ ፕሪፓራቶሪ ያስገባኝ ነበር። ግን እማ ሰኞ ገበያ ጌሾና በርበሬ እየቸረቸረች ብቻዋን ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። ፕሪፓራቶሪ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሦስት አራት ዓመት። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የሚገባበት ቴን ፕላስ ስሪ ግን በሦስት ዓመት አስመርቆ ደሞዝ ላይ ያደርስ ነበር። የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ። ጎረቤት ሁሉ «እንዲህ ጎበዝ ሆና ለአስተማሪነት!» አለ። እማ ግን «አብሽሪ ልጄ፣ ከፊደል የሚገኝ እንጀራ ክፉ አይደለም» አለችኝ።

የደረሰኝ ዘርፍ ጀነራሊስት ነበር። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምር ማለት ነው፤ አማርኛውን፣ ሒሳቡን፣ እንግሊዝኛውን፣ አካባቢ ሳይንሱን፣ ሙዚቃና ስዕሉን ሳይቀር። የሰማሁ ዕለት አለቀስኩ። ሊኒየር፣ አንድ ትምህርት ብቻ የሚያስተምሩበት ዘርፍ፣ የደረሳቸው ጓደኞቼ የሒሳብ አስተማሪ፣ የሳይንስ አስተማሪ ሊባሉ ነው። እኔ ሀ ሁ ላስቆጥር። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሀ ሁ ለማስቆጠር ሦስት ዓመት መማር ምን ያደርጋል?» ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ ሳነበው እዚያች ልጅ ላይ አልተናደድኩም። አላወቀችም ነበር።

ፕራክቲከም በደረጃ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ ምልከታ ነው፤ ኋላ ወንበር ተቀምጠህ ታያለህ፣ ትጽፋለህ። ቀጥሎ ረዳት ትሆናለህ፤ ደብተር ታርማለህ፣ ልጆች ታሰልፋለህ። በመጨረሻ ክፍሉ ለአንተ ይለቀቃል። የደረሰኝ ትምህርት ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ በገራዶ በኩል ነበር። ሜንተሬ፣ ልምምዱን የምታሳየኝ አስተማሪ፣ 30 ዓመት ገደማ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ልጆቹ «ቲቸር» ሲሏቸው እኛ ተለማማጆቹ «እትዬ» ነበር የምንላቸው።

ክፍሉ በተለቀቀልኝ የመጀመሪያ ቀን ሌሰን ፕላኔን ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አድሬ ሄድኩ። የፊደል ገበታውን ሰቅዬ በረጅም እንጨት እየጠቆምኩ አስባልኳቸው። «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ!» ክፍሉ ተናጋ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደወል ሲደወል ወደ እትዬ እየሳቅኩ ሄድኩ። እሳቸው ግን «ልጆቹ ዘፈኑልሽ እንጂ አላነበቡልሽም» አሉኝ። አልገባኝም። በነጋታው ኋላ ወንበር ላይ ከምትቀመጥ አንዲት ልጅ አጠገብ አስቀመጡኝና «እስኪ ይቺን አስነብቢያት» ብለውኝ ሄዱ።

ነጠላዋን በአንገቷ ያሰረች፣ አይኗ ትልልቅ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። የ«ለ»ን ረድፍ አንድም ሳትስት አለችልኝ። ከዚያ በመዳፌ ሌላውን ሸፍኜ «ላ»ን ብቻ አሳየኋት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «ለ... ሉ... ሊ...» እያለች በጣቶቿ ትቆጥራለች። አራተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «ላ» አለችኝ።

ልጅቷ ፊደል አታውቅም ነበር። የምታውቀው ዜማውን ነው። «ላ»ን ለማግኘት ሁልጊዜ ከ«ለ» መነሳት አለባት። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እንዲህ እየቆጠረች አንዲት ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ ይመሻል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ኮሌጅ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት የልጅቷን ጣቶች ሳይ ነው።

እትዬን ምን ላድርግ አልኳቸው። «ቤቷ ምን እንዳለ ጠይቂያት» አሉኝ። ላም አለን አለችኝ። የሳሙና ካርቶን ቆርጬ በአንዱ «ላ»፣ በሌላው «ም» ጻፍኩ። ቀኝ እግሯ የረዘመ «ላ» ናት አልኳት። ከዚያ «ባ»ን ሳመጣላት ሳልነግራት እግሯን ነካችና «ይቺም ረዝሟል» አለች። «ላባ» አነበብን። «ሳ»ም እንደዚያው። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ልጅ መልኩን ካየ ራሱ ይቀጥላል። «ሸ» ቆብ ያደረገች «ሰ»፣ «ቸ» ደግሞ ቆብ ያደረገች «ተ» መሆኗን ያወቅሁት ከልጆቹ ነው። እኔ አሥር ዓመት ሳነባቸው ቆቡን አላየሁትም ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል በየዕረፍቱ አብረን ተቀመጥን። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ አንድ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። እጄን ጎተተችኝ። «ቲቸር፣ ባጃጁ ላይ ላም አለ!» ዞሬ ባይ ላም የለም። ከኋላው በቀይ ቀለም «ሰላም» የሚል ተጽፎበታል። «ከላሟ ፊት ያለችውስ ማናት?» አልኳት። አፍጥጣ አየቻት። ጣቷን አልቆጠረችም። «ሰ... ሰ-ላም።» ከዚያ ጮኻ ደገመችው። ድምጿን ሰው ሲሰማው ያየሁት ያኔ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ደብተሬ ላይ ያን ቀን የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። «ከዚህ ሥራ አልወጣም።»

በ2011 ዓ.ም. ተመድቤ ሥራ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ በ2012 መጋቢት ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። በ2014 ጥቅምት ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ስለዚያ ጊዜ ዛሬ አልጽፍም። ስንመለስ ሦስተኛ ክፍል ደርሰው የራሳቸውን ስም መጻፍ ያቃታቸው ልጆች ጠበቁኝ። አንዳንዱ አስተማሪ የክፍሉን መጽሐፍ ይዞ ቀጠለ፤ ጊዜው አልቆበት ስለነበር አልፈርድበትም። እኔ ግን ካርቶን ቆርጬ ከ«ላም» ጀመርኩ። አንዱ ወንድ ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ትልቅ ነን» ብሎ አኮረፈ። በሳምንቱ ካርዶቹን ቤት ልውሰዳቸው ብሎ የለመነኝ እሱ ነው።

አሁን መሽቷል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ነው የተሰጠኝ፤ በራሴ ጥያቄ። እማ ከሰኞ ገበያ የሳሙና ካርቶን አምጥታልኛለች። መቀሱ ደንዝዟል፣ እየጎተትኩ ነው የምቆርጠው። የመጀመሪያዋን ካርድ ቆረጥኩና «ላ» ጻፍኩባት። ቀኝ እግሯን በደንብ አስረዘምኩት።