ሚኒሞ አልይዝ ያለ የጀልባ ሞተር፦ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ማደስ

ሞተሩ በቾክ ይነሳል፤ ቾኩ ሲመለስ ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ የሚኒሞ ጄት ናት፤ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር (ሚኒሞ ሲይዝ) ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትለካለት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን ማለት ነው። ሆኖም ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት፣ ሞተሩ እየሠራ በነዳጅ ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ ፓምፕ በእጅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በዚህ ነፍስ ከዘራ ካርቡሬተሩን አትንኩት፤ ችግሩ ያለው ነዳጅ ፓምፑ፣ ፊልትሮው ወይም የቱቦው መጋጠሚያ ጋ ነው። ጎማው ሲጨመቅ በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ አልዘጋም። ሚኒሞ እየያዘ ጋዝ ሲሰጠው የሚታነቅ ከሆነ ዋናዋን ጄት እዩ።

ከዚህ በታች ያለው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደርና አንድ ካርቡሬተር ላለው ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባለት) ያማሃ ይሆናል፤ ሌሎቹ ትናንሽ ሞተሮችም ብዙ አይለዩም።

የነዳጅ ቱቦውን ንቀሉ፤ የጋዝና የቾክ ዘንጎቹ የት የት እንደገቡ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፍቱ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ሳህን ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በብርጭቆ ተቀበሉት። ውሃ ካለው ከሥሩ ኳስ ኳስ ሠርቶ ይታያል። ውሃ ወይም ዝገት ካያችሁ ታንኩም መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ያጸዳችሁት ካርቡሬተር በሳምንቱ ተመልሶ ይደፈናል።

የሚኒሞ ማስተካከያዋን ብሎን ከማውጣታችሁ በፊት ዙሯን እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ እስክትነካ አጥብቁና ቁጥሩን ጻፉት። በኃይል ካጠበቃችኋት ጫፏ ላይ ቀለበት ይወጣባታል፤ ከዚያ በኋላ አትስተካከልም። ጄቶቹ ናስ ስለሆኑ ልካቸው ያልሆነ ካቻቢቴ አናታቸውን ይበላዋል። በአንዳንድ ያማሃዎች የሚኒሞ ጄት በትንሽ ላስቲክ ውታፍ ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ውታፏ ሳትመለስ ከቀረች የነዳጁ ልክ ይዛባል።

አሁን ሥራው እዚህ ላይ ነው። ላስቲክና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ያሳብጠዋል። ጄቷን ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩ፦ ቀዳዳዋ ጥርት ያለ ክብ መሆን አለበት። ጠቦ ወይም ክብነቱን አጥቶ ከታየ የደረቀ ቤንዚን ለብሷል። በብረት መርፌ ወይም በድሪል አትጎርጉሯት፤ በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ ልኳን ይለውጠዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትበቃለች። ብዙ ሰው ጄቷን አጽድቶ የሚረሳው ከጋዝ መክፈቻው ምላስ አጠገብ ያሉትን የመርፌ ቀዳዳዎች ነው። ስፕሬዩን በሚኒሞ ብሎኗ ቀዳዳ ስትነፉ በእያንዳንዳቸው መውጣት አለበት፤ አንዷ እንኳ ዝም ካለች ገና ናችሁ። መነጽር አድርጉ፤ ስፕሬዩ ካልጠበቃችሁት ቀዳዳ ዓይን ላይ ይፈናጠራል። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በኮምፕሬሰር አየር ንፉ፤ ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ ጎሚስታ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡን ነጭ ዱቄት የበላው፣ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ሌላ ካርቡሬተር ፈልጉ።

የዕድሳት ኪት ስትገዙ መርፌው፣ ኦሪንጎቹ (የጎማ ቀለበቶቹ) እና ጓርኒሲዮኖቹ (መጋጠሚያዎቹ መሃል የሚገቡት ማሸጊያዎች) መኖራቸውን እዩ። የድሮው መርፌ ጫፍ ላይ የቀለበት ምልክት ካለ አትመልሱት። ሳህኑ ውስጥ ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈውን ተንሳፋፊ ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ አናውጡት፤ የሚንቦጫረቅ ነገር ከተሰማ ቤንዚን ገብቶበታል፣ ይቀየር። ከገጠማችሁ በኋላ ካርቡሬተሩን ገልብጣችሁ በነዳጅ መግቢያው ንጹሕ ቱቦ አስገብታችሁ በአፍ ንፉ፦ አየር ማለፍ የለበትም። ስታቃኑት ማለፍ አለበት።

ጓርኒሲዮን ጠፋ ብሎ ሲሊኮን መቀባት የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። ቤንዚን ያላቅቀዋል፤ ፍርፋሪው ተመልሶ ያው ጄት ውስጥ ይገባል።

የሚኒሞ ብሎኗን በጻፋችሁት ዙር መልሱ፤ ካልጻፋችሁ ከአንድ ዙር ተኩል ጀምሩ። ሞተሩን በርሜል ውስጥ፣ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት እስኪሸፍን አስገብታችሁ አስነሱ። ሲሞቅ ብሎኗን እስኪንገዳገድ አጥብቁ፣ ከዚያ ጭሱ እስኪከብድ አላሉ፤ ከሁለቱ መሃል ትንሽ ወደ መላላቱ ያደላ ቦታ ላይ ተዉት።

ቤንዚን ከጄሪካን ስትቀዱ በነጠላ ማጥለሉን ተዉት፤ የጥጥ ብናኝ ይለቃል። ደቃቅ የሽቦ ወንፊት ይሻላል። ዘይቱ በ50 ለ1 ከሆነ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት ነው።

ሁሉም ጸድቶም ሙሉ ጋዝ ላይ የሚንተፋተፍና ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው ስፓርክ ፕለግ) ጥቁርና እርጥብ የሚሆንበት ሞተር አለ። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ለባሕር ጠረፍ የተለካች ዋና ጄት እዚያ ቤንዚን ታበዛለች። በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ቁጥር ያነሰች ጄት ይፈታዋል። ያው ሞተር ጋምቤላ ወርዶ ባሮ ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን የፋብሪካዋ ጄት መመለስ አለባት። እዚያ ከፍታው ከ600 ሜትር በታች ነው፤ በትንሿ ጄት ሙሉ ጋዝ ከተነዳ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስቶኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። የአወጣችሁትን ጄት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመለዋወጫ ካንዴላው ጋር አስቀምጡት።