አንድ ጣት

ጋራዥ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ቮልሳቸውን አመጡ። ፑንቲናው፣ ሲከፈት ሻማው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርገው መገናኛ፣ አልቆ ነበር፤ ቀይሬ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር ሰጠሁት። ይህ ሳይስተካከል ታይሚንግ፣ ማለትም ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ መንካት ከንቱ ልፋት ነው፤ ክፍተቱ በተነካ ቁጥር ታይሚንጉም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ፑንቲናው ሲከፈት እንዲበራ የ12 ቮልት አምፖሌን ለሻማው ኃይል በሚሰጠው ቦቢና ላይ አስሬ ሞተሩን በእጄ አዞርኩ። ፑሊው ላይ ያለው የ7.5 ዲግሪ ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም አምፖሉ ቦግ አለ። ፑንቲናውን የያዘውንና እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን አጠበቅኩ።

አለቃዬ መጣና ሞተሩን አስነሳ። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ብሎኑን አላላ፤ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ጠመዘዘ። ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ አለ፣ ድምፁ ጠራ።

«ሞተር ራሱ ይናገራል። አምፖል ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ድምፁ ያምር ነበር።

በሳምንቱ ጋሼ ተመለሱ። አዋሽ ወርደው ነበር። መተሐራ አካባቢ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ መምታት ጀመረ፤ ጉልበቱም ከዳቸው። አለቃዬ ቀደም ብሎ «ታይሚንጉን የሠራው ልጁ ነው» አላቸው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

ውሸት አልነበረም። ሠርቻለሁ። ግን «ከእኔ በኋላ ተነክቷል» የምትለዋን ዋጥኳት። አለቃዬ አጠገባቸው ቆሞ ያየኝ ነበር። እሱም ዝም አለ። ያቺ «አዎ» ዛሬም ትቆጨኛለች።

አምፖሉን መልሼ አሰርኩ። ምልክቱ መስመሩ ጋ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀረው በራ። እሳቱ ከልኩ 10 ዲግሪ ያህል ቀድሟል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይችለዋል። አዋሽ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ይበዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም አለ፤ እዚያ ላይ የቀደመ እሳት ሞተሩን ያስመታዋል። ቮልስ ደግሞ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ብቻ ነው።

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ። ቮልስ ሲመጣ መጀመሪያ «የት ነው የሚነዷት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከከተማ የማትወጣ ከሆነች በአምፖል ካስያዝኩ በኋላ ሁለት ዲግሪ ያህል በጆሮዬ እጨምራለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ የአለቃዬ ጆሮ አልተሳሳተም ነበር። ስጨርስ ከዲስትሪቢዩተሩ ወደ ሞተሩ የምትሻገር አንዲት መስመር በነጭ የጥፍር ቀለም አሰምራለሁ። ከእኔ በኋላ እጅ ከገባ ያቺ መስመር ትሰበራለች።