ከቲሩቫዳቩር እስከ ቺዳምባራም፦ በማኒካቫሳጋር ዱካ

በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ የማኒካቫሳጋርን ሕይወት ተከትሎ የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ቺዳምባራም የባቡር ጣቢያ ስላላት ይቀላል። እኛ ከትውልድ መንደሩ ተነሣን። ሌላውም እንዲሁ ቢያደርግ እንመክራለን፤ ምክንያቱ አቩዳያርኮይል ሲደርስ ይገባዋል።

ማኒካቫሳጋር በ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖረ የሚነገርለት፣ ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ የተቀኘ ባለቅኔ ነው። ስሙ «ቃሉ ዕንቁ» እንደማለት ነው። የተወለደባት ቲሩቫዳቩር ከማዱራይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በማለዳ መሄድ ግድ ነው፤ የዚህ አገር መቅደሶች በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ተዘግተው እስከ 10 ሰዓት አይከፈቱም። የብዙ መንገደኛ ቀን የሚበላሸው በዚህ ነው፤ ከተዘጋ በር ፊት አራት ሰዓት ይቆማል። ጫማ ማውለቁ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የቀትር ድንጋይ ግን እግር ያቃጥላል።

ማዱራይ ማኒካቫሳጋር የፓንዲያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሚኒስትር ሆኖ ያገለገለባት ከተማ ናት። በሚናክሺ መቅደስ ስልክ ማስገባት ክልክል ነው፤ ውስጠኛው ቅድስትም ለሂንዱዎች ብቻ ነው። በነሐሴ አጋማሽና በመስከረም መጀመሪያ መካከል በሚውለው የአቫኒ ሙላም በዓል ከማኒካቫሳጋር ትውፊት ጋር የተያያዘው የቫይጋይ ወንዝ ጎርፍ ታሪክ በትርኢት ይቀርባል። ንጉሡ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ግድቡን እንዲሠራ አዘዘ። ፑቱ፣ ማለትም በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዱቄት፣ የምትሸጥ አሮጊት ግን የምትልከው ሰው አልነበራትም። ሺቫ በቀን ሠራተኛ አምሳል መጥቶ ለሚፈረፈረው ፑቱ ብቻ ተቀጠረላት፤ ሥራውን ትቶ ተኛ። ንጉሡ በበትር ሲመታው ሕመሙ ለሁሉም ተሰማ፤ ለራሱ ለንጉሡም ጭምር።

የጉዞው ልብ አቩዳያርኮይል ነው። ከፑዱኮታይ በአውቶቡስ ወደ አራንታንጊ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ 14 ኪሎ ሜትር። ማኒካቫሳጋር ፈረስ እንዲገዛ የተሰጠውን የንጉሥ ወርቅ ይዞ ሲሄድ መምህሩን ከዛፍ ሥር ያገኘው እዚህ ነው፤ ገንዘቡንም ለመቅደሱ ሥራ አዋለው፤ በኋላም ታሰረ። በሌሎች የሺቫ መቅደሶች የሚታየው ባንዲራ መስቀያ በዚህ መቅደስ የለም፣ ናንዲ የሚባለው የሺቫ በሬም የለም። በቅድስቱ ያለው የሊንጋሙ፣ ማለትም ሺቫን የሚወክለው ድንጋይ፣ መቀመጫ ብቻ ነው፤ ላዩ ባዶ ነው። ትኩስ ሩዝ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፤ መሥዋዕቱ እንፋሎቱ ነው። እህሉ ሳይሆን ከላዩ የሚነሣው ጉም መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ካህናቱን ጠይቆ መጠበቅ ይገባል።

የእጅ ባትሪ አትርሱ። የአዳራሹ ዝንብል ጣሪያ ከጥቁር ድንጋይ ተፈልፍሎ ነው የእንጨት ወራጅ የመሰለው፤ የሚስማሩ ክብ ራስና የማሰሪያው ገመድ ሳይቀር ድንጋይ ነው። የጥንት ድንጋይ ጠራቢዎች እንዲህ ያለውን መሥራት አንችልም ለማለት «የአቩዳያርኮይልን ጣሪያ ሳይጨምር» ብለው ይዋዋሉ ነበር ይባላል። ብዙ ሰው ግማሽ ሰዓት ሰጥቶት ያልፋል፤ አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል።

ቺዳምባራም ላይ ወንዶች ወደ ናታራጃ፣ ማለትም ወደሚጨፍረው ሺቫ፣ አዳራሽ ለመውጣት ሸሚዝ ያወልቃሉ፤ ነጠላ መሰል ጨርቅ መያዝ ይበጃል። ከናታራጃ ጎን ያለው መጋረጃ ሲገለጥ የሚታየው የተንጠለጠለ የወርቅ ቅጠል ብቻ ነው፤ ከኋላው ምንም የለም። አቩዳያርኮይልን ቀድሞ ያየ ሰው ይህ ባዶነት አያደናግረውም። ቅደም ተከተሉን የምንጠብቀው ለዚህ ነው። በትውፊቱ ካህናቱ የቲሩቫሳጋምን፣ ማለትም የመዝሙሮቹን መድበል፣ ትርጉም ቢጠይቁት ማኒካቫሳጋር ወደ ናታራጃ አመልክቶ በዚያው ተሰወረ።

ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው በማርጋዢ ወር መምጣት ከሁሉ ይሻላል። ገና ሳይነጋ ቲሩቬምፓቫይ የሚባለው የማኒካቫሳጋር መዝሙር 20 አንጓዎች ይዜማሉ፤ በአሥሩ የበዓል ቀናት ደግሞ የእሱ ምስል ናታራጃ ፊት ይቀርባል። ማደሪያ በቶሎ ስለሚሞላ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ የበዓሉ ሠረገላ በሚጎተትበት ዋዜማ ከተማ መድረስ ግን ዘግይቶ መድረስ ነው።