የመምህሩ ማስታወሻ ለሐኪሙ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ደብተሩ ተጀምረው ባልተጨረሱ መልመጃዎች የተሞላ፣ አርፎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ብዙ ጊዜ «ረባሽ» መባሉ እጅግ ያሳዝነኛል። ኤዲኤችዲ የሚባለውን የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ለመለየት፣ የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ቢያንስ ለ6 ወራት የዘለቁ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም እንደሚሆነው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚገለጡ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ሐኪሙ ግን ልጁን የሚያየው በምርመራ ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እዚያ ደግሞ ልጁ ጭምት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መምህሩ ልጁ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ሐሳቡ እንደሚበተንና ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚደገምለት በአንድ ገጽ ጽፎ በወላጁ እጅ ቢልክ፣ ሐኪሙም መድኃኒት ካዘዘ የልጁን የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ እንዲከታተሉ ለወላጆቹ ቢያስረዳ፣ ከመንዝ ድረስ የመጣ ቤተሰብ ለተመሳሳይ ጥያቄ ደግሞ ደጋግሞ አይመላለስም።