መርፌውና እትብቱ

እትብቱ በጣቶቼ መካከል ይመታል። ልጁ በ32 ሳምንቱ ነው የተወለደው። እናቱ ሆድ ላይ፣ ደረቅ ፎጣ ውስጥ ሆኖ በቀጭን ድምፅ ያለቅሳል። እጄ ግን መቀሱን ይፈልጋል። ጎንደር ውስጥ ዓመታት ሳዋልድ የለመድኩት ቶሎ መቁረጥ ነው። «ከቆየን እናትየዋ ትደማለች» ሲባል ነው የኖርነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ እትብት ከ1 ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር መክሯል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ከእንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ብዙ ነገር ያተርፍለታል። እሱን አልተጠራጠርኩም። ያስጨነቀችኝ እናትየዋ ናት።

ያን ቀን 60 ሰከንድ ጠበቅሁ። ሁላችንም ዓይናችን ልጁ ላይ ነው። ቆርጬ ዞር ስል እናትየዋ የተኛችበት ጨርቅ ርሷል። ሆዷን ስዳብስ ማህፀኗ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ከወለደች በኋላ እንደ ድንጋይ መጠንከር ነበረበት። እያሸሁ «ኦክሲቶሲን አምጡ!» አልኩ። ማህፀን የሚያኮማትረው ይህ መርፌ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያለው። ደቂቃዎቹ ረዘሙብኝ። ከተወጋች በኋላ ማህፀኗ ጠነከረ፣ ደሙም ቆመ። ደም ሳይሰጣት ተረፈች፤ ማርያም ማረቻት።

ባልደረባዬ «አየሽ፣ መጠበቁ ነው ያመጣው» አለችኝ። እኔም አምኜ ነበር። ሌሊት ግን ነገሩን ከመጀመሪያው መለስ ብዬ አየሁት። እናት የምትደማው እንግዴ ልጁ ከተለጠፈበት የማህፀን ግድግዳ ነው። የሚያቆመው ደግሞ የማህፀኑ መኮማተር ነው። እትብቱ መቆየቱ ለዚያ ምን ያደርጋል? የዘገየው መርፌው ነው። መርፌው የዘገየው ደግሞ እኔ ስላላዘጋጀሁት ነው። ጥናቶቹንም ፈልጌ አነበብኩ፤ መጠበቅ የእናትን መድማት እንደሚጨምር አላሳዩም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ከመውጣቱ በፊት 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በሲሪንጅ ተስቦ ይቀመጣል። ልጁ እንደወጣ ሆዷን እዳብሳለሁ፤ ውስጥ መንታ አለመቅረቱን ለማየት። ከዚያ በ1 ደቂቃ ውስጥ ጭኗ ላይ ትወጋለች፤ እትብቱ ገና ሳይታሰር። መርፌው እትብቱን አይጠብቅም፣ እትብቱም መርፌውን። አንዷ ባልደረባ እናትየዋን ብቻ ታያለች፤ ልጁ ምንም ቢያምር ዓይኗን አታነሳም። ደሟን ለመለካት ከሥሯ ጎድጓዳ ሳህን እናደርጋለን፤ በዓይን ግምት ብዙ ጊዜ ተሸውደናል። 500 ሚሊ ሊትር ከሞላ አንጠብቅም፣ ቡድኑ ይጠራል። ሰከንዱን ደግሞ ከግድግዳ ሰዓት ነው የምናነበው። የፈራ ሰው በልቡ ሲቆጥር 60 ቶሎ ያልቅበታል፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ሁልጊዜ አንጠብቅም። እንግዴ ልጁ ቀድሞ ከተላቀቀ፣ እናትየዋ ከመጀመሪያው እየደማች ከሆነ፣ እትብቱ ከተበጠሰ ወዲያው ይታሰራል። ልጁ ካልተነፈሰና እትብቱ ሳይቆረጥ መርዳት ካልቻልንም እንደዚያው ነው።

ቅርብ ጊዜ ከደምቢያ የመጣች እናት በ34 ሳምንቷ ወለደች። አማቷ አጠገቧ ቆመው እትብቱን በፍርሃት ያያሉ።

«ልጄ፣ ደሟ በዚያ እየፈሰሰ አይደል? ቁረጭው እንጂ!»

«እማማ፣ እዚያ ውስጥ ያለው የልጁ ደም ነው። ትንሽ ይውሰድ፣ ድርሻው ነው። እሷን እያየናት ነው።»

እጃቸውን ይዤ ሆዷ ላይ አስቀመጥኩት። ጠንክሯል። «እሰይ» አሉና መዳፋቸውን ሳያነሱ ቆዩ። እትብቱ ነጣ፣ መምታቱንም አቆመ፤ ያኔ አሰርኩት። ከሳህኑ የለካነው 200 ሚሊ ሊትር አይሞላም። ልጁን እናቱ ደረት ላይ ስናስር አማቷ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

መዝገቡ ላይ አሁን ሁለት ሰዓቶች እጽፋለሁ፤ መርፌው የተሰጠበትን፣ እትብቱ የታሰረበትን።